ያ የሚነዝር ምድጃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢውን እወደዋለሁ። ንግግሩ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። ከመጣ ብዙም ያልቆየው አዲሱ አስተዳዳሪያችን ተነሥቶ፣ «አቶ ደሳለኝ የተማሪዎች ማደሪያችንን አሮጌ ምድጃ ለዓመታት ሳይሞት ያቆዩ ባለሙያ ናቸው» ብሎ ሲያመሰግነኝ ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መስሏቸዋል፤ ንዴት ነው። ያንን ምድጃ ለማስወጣት የሥራ ዘመኔን እኩሌታ የጨረስኩ ሰው፣ ያንኑ ምድጃ በማቆየት ተመሰገንኩ። ነገሩ እንዲህ እንደተገለበጠ እንዳይቀር ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሙያዬ የወጥ ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ነው። ምድጃ፣ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ የውኃ ማፍያ። የቴሌቪዥን ጠጋኝ በሳሎን ይገባል፣ ወንበር ይሰጠዋል፤ የምድጃ ጠጋኝ የሚገባው በጓሮ በር ነው። ወጥ ቤት ደግሞ ለኤሌክትሪክ ከቶ የማይመች ቦታ ነው። ውኃው፣ ጨው፣ ዘይቱ፣ እንፋሎቱ፣ በረሮው፣ ሁሉም ተባብሮ ሽቦ ይበላል። ከዚያ ባለቤቲቱ ትመጣና፣ ትናንት ደኅና ነበር፣ ዛሬ ምን እንዳገኘው አላውቅም ትልሃለች። ትናንትም ደኅና አልነበረም። ደኅና የሆነ ዕቃ ወደ እኔ መጥቶ አያውቅም።

ሙያውን የተማርኩት ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ከጋሽ ኑሩ ዘንድ ነው። ጋሽ ኑሩ መጀመሪያ የላምባ ምድጃ ይጠግኑ ነበር። መብራቱ በየቤቱ እየገባ ሲሄድ እሳቸውም ከላምባው ወደ ሽቦው ዞሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። የሰው ወጥ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ውኃ ለምነው እጃቸውን ይታጠባሉ። «ምግብ የሚነካን ነገር በቆሸሸ እጅ አልነካም» ነበር ምክንያታቸው። ቀጥሎ ወዲያው ዕቃውን መፍታት የለም። ሴትዮዋን፣ «እስቲ ሻይ አፍዪበት» ይሏትና ቁጭ ብለው ያይዋታል። ድስቱን በየት በኩል እንደምትጥድ፣ ሲገነፍል ወደ የት እንደሚፈስ፣ ማማሰያዋን የት እንደምታስቀምጥ ያያሉ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ካቻቢቴዬን ይዤ እቁነጠነጣለሁ። ሻዩ ሲፈላ እሳቸው የተበላሸበትን ጎን ያውቁታል፤ ዕቃ የሚበላሸው ሰው በሚጠቀምበት በኩል ነዋ።

ብረት ሲነኩ ሁልጊዜ በእጃቸው ጀርባ ነው። ይህንንም መጀመሪያ ቀን ነው ያስተማሩኝ።

«መዳፍህን ከነዘረህ ይጨብጥና አይለቅም» አሉኝ። «የእጅህን ጀርባ ከነዘረህ ግን ይሸሻል።»

የፈቱትን ብሎን በቆርቆሮ ክዳን ላይ በተፈታበት ተራ ይደረድሩታል። ምድጃው በርቶ ድስቱ ሳይንተከተክ የዚያን ቤት እህል አይቀምሱም። በአንድ ነገር ግን ከሁሉም ይለያሉ። ዕቃው ያበቃለት እንደሆነ፣ ብረቱ በዝጎ፣ ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው ሸክላ ተሰነጣጥቆ ካገኙት፣ መጠገንን እንቢ ይላሉ። ፒንሳቸውን ያወጡና የገመዱን መሰኪያ ቀጭ አድርገው ቆርጠው በባለቤቱ መዳፍ ላይ ያስቀምጡታል። «ይሄ ሞቷል፤ ሌላ ግዙ» ይላሉ። በቃ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ መከራ የሚጀምረው። ሰው በዘመዱ ሞት እንኳ እንዲህ አይሟገትም። እናቴ የገዛችው ነው የሚል አለ። የሠርጌ ስጦታ ነው፣ አሁን የሚመጣው ልል ነው፣ የድሮ ብረት አይገኝም የሚል አለ። አንዱ ወረታ ላይ ጎኑ የተቦረቦረ ምድጃ ይዞ፣ «ከእኔ ጋር ነው የኖረው» ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። እሺ ብሎ አዲስ የሚገዛው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ትልቁን፣ የሚያብረቀርቀውን ይገዛና ለአንድ አምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይሰካዋል። ግድግዳው ሲጨስ ይጠራኛል። ምድጃው መጥፎ ነው ይለኛል። ሽቦ እቀይራለሁ። ዕድሜዬን እንዲህ ነው የጨረስኩት፤ አሮጌውን አልለቅም ከሚልና አዲሱን አላውቅበትም ከሚል ሰው መካከል ቆሜ።

ከጋሽ ኑሩ ጋር በገበያ ቀን በየከተማው እንዞር ነበር። አንበሳሜ ላይ ለገበያተኛ ምሳ የምትሸጥ ዘነበች የምትባል ባልቴት ነበረች። ምድጃዋ ከሁሉ የባሰ ነበር፤ ጎኑን በጨርቅ ካልያዙት ይነዝራል። ጋሽ ኑሩ እንደ ልማዳቸው ሻይ አስፈሉባት፣ ተመለከቱ፣ ገለበጡት፣ ከዚያ መሰኪያውን ቆርጠው መዳፏ ላይ አኖሩት። ዘነበች አልተከራከረችም። የተቆረጠውን መሰኪያ አየችው። እኛም ዕቃችንን ሸክፈን ሄድን። እኔ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንዷ እንኳ ሳትሟገተን ቀረች ብዬ።

በሚቀጥለው ገበያ ስንመለስ ምሳ ቤቷ ዝግ ነው። ጎረቤት ነገረን። እኛ ስንሄድ ገበያው ገና አልተበተነም ነበር፤ ሰው ለምሳ መጣባት። የተቆረጠውን ገመድ ጫፍ ላጠችና ባዶውን ሽቦ ሶኬቱ ውስጥ ሰካችው። ሽቦው እጇን ያዘው። አንድ ተመጋቢ በደረቅ ዱላ ባያላቅቃት ኖሮ አትተርፍም ነበር። ከተኛችበት ገብተን ስናያት ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጣቶቿ ከዚያ በኋላ ተዘርግተው አያውቁም።

ጋሽ ኑሩ አጠገቧ ተቀመጡ።  ከዚያ እሷው ጀመረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለን ነበር።

«መሰኪያውን ቆረጡት እንጂ ጋሽ ኑሩ፣ ገበያተኛውን አልመለሱልኝም። ምን ላይ ልሥራ?»

 ጋሽ ኑሩ ያደረጉት ነገር ትክክል ነበር፤ ምድጃው ሰው ይገድል ነበር። ግን ሴትዮዋን ያለ እሳት ትተናት ሄድን። ከአደጋ እናድናታለን ብለን ወደ ባሰ አደጋ ገፋናት። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ኑሩ ሱቃቸው ውስጥ ደኅና ምድጃ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ የውሰት ምድጃ ይሉታል። የማንንም መሰኪያ ከመቁረጣቸው በፊት የውሰቱን አምጥተው ያበሩለታል። ሰው አዲስ እስኪገዛ ይጠቀምበታል። ያም ሆኖ እጃቸው ከሥራው እየቀዘቀዘ ሄደ። በመጨረሻ ሱቁን ዘግተው ከልጆቻቸው ጋር በጋፋት መንገድ ላይ ወፍጮ ቤት ከፈቱ። «እህል አይነዝርም» ነበር ያሉኝ፣ ለምን ተዉት ብዬ ስጠይቃቸው።

እኔ በሴት ተማሪዎች ማደሪያ ተቀጠርኩ። ከገጠር ለትምህርት የሚመጡ ልጃገረዶችን በነጻ የሚያኖር ቤት ነው፤ በዚያው በጋፋት መንገድ። ደመወዙ ብዙ የሚነገርለት አይደለም፣ ግን በየገበያው ከመንከራተት ይሻል ነበር። መብራቱን፣ ውኃውን፣ በሩን፣ ሁሉንም እጠግናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ያ ምድጃ ነበር።

ግዙፍ ነው። ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ሰፋፊ የብረት ገበታዎች አሉት። ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ አልነበረም። በላዩ ላይ በየቀኑ ሽሮ ይገነፍላል፣ ሩዝ ይገነፍላል፣ የጨው ውኃ እስከ ሆዱ ድረስ ይወርዳል። ክረምት ሲሆን እርጥበቱ ይጨመርበትና ገላው ሁሉ ይነዝራል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ድምፃቸው ከግቢው በር የሚሰማ፣ ልጃገረዶቹ እንደ እናት የሚፈሯቸው ሴት። እሳቸውና ረዳቶቻቸው በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆመው፣ የጎማ ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያበስሉት። እንዲህ ሆኖ ነው የስንት ሰው ልጅ የበላው።

ብረቱን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ገመድ አሰርኩለት። ይህ ገመድ ያመለጠውን ኃይል ወደ መሬት ስለሚወስደው ሰው አይነዝርም። ግን ከዚህ ምድጃ የሚያመልጠው ኃይል ብዛቱ! ገመዱ በታሰረ ቁጥር ዋናው ማብሪያ ይወድቅና ግቢው ሁሉ ይጨልማል። ምሳ ይዘገያል። ከዚያ እትዬ ጥሩወርቅ በሽንኩርት ቢላቸው ገመዱን ይፈቱታል። እኔ ሳስር፣ እሳቸው ሲፈቱ፣ ስንት ክረምት አለፈ።

ብንጨቃጨቅ መልሳቸው አንድ ነው። «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ፣ ደሳለኝ ገመድ አስሮልናልና ጦማችሁን እደሩ ልበላቸው?»

አዲስ እንዲገዛ ለአስተዳዳሪያችን ለአቶ ምሕረቱ አመለከትኩ። አቶ ምሕረቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቤቱ በርዳታ የሚኖር ስለሆነ ሳንቲም እየቆጠሩ የሚያስተዳድሩ፣ ደንብ የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ደንቡ ደግሞ ዕቃ የሚተካው አገልግሎት ሲያቆም ነው ይላል።

«አቁሟል?» አሉኝ።

«አላቆመም። ግን ይነዝራል።»

«ያበስላል?»

«ያበስላል።»

«እንግዲያማ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ይታያችሁ። ካልተበላሸ አይተካም፤ እንዳይበላሽ ደግሞ እኔ አለሁ። ሽቦው ሲቃጠል እቀይራለሁ፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ ሌላ ፈልጌ አስገባለሁ። ካልሠራሁት ልጆቹ ይራባሉ፤ ከሠራሁት አዲሱ ይቀራል። በጥገናዬ ያን ምድጃ ዘላለማዊ አደረግሁት። ልቤ ውልቅ እስኪል በየዓመቱ አመለክታለሁ፣ በየዓመቱ «ያበስላል?» እባላለሁ።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ከነጋ ጀምሮ ሲወርድ፣ ወጥ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ወለሉ እርጥብ ሆኗል። እኔ ውኃ ቧንቧ ላይ ነኝ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ እትዬ ጥሩወርቅ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። የሽሮው ድስት ተገልብጧል። ረዳቶቻቸው ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል፤ ማንም ሊነካቸው አልደፈረም። ማብሪያውን አወረድኩና አነሣኋቸው። ይተነፍሳሉ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ቀኝ እጃቸው ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ሐኪም ቤት ወስደናቸው እስከ ማታ ነፍሳቸው ተመለሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ተመልሼ መጣሁና ፒንሳዬን አወጣሁ። የዘነበችን እጅ አልረሳሁም። እሳት ሳይተካ እሳት አይጠፋም የሚያሰኘውን የጋሽ ኑሩን የውሰት ምድጃ አልረሳሁም። ግን ያንን ነጭ ከንፈር አይቼ ምድጃውን ለሌላ ቀን ማሳደር አልቻልኩም። ገመዱን ቆረጥኩት። ላጥ አድርጎ የሚሰካው እንዳይኖር ከሥሩ ነቅዬ አወጣሁት፤ የሆዱንም ሽቦ ዘርግፌ ጣልኩት። አቶ ምሕረቱ ዘንድ ገብቼም፣ ምድጃው አገልግሎት አቁሟል አልኳቸው። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን እሳቸውም እትዬ ጥሩወርቅን በመኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሱ ናቸውና መልሰው ዘጉት። በዚያው ቀን ለረጂዎቹ አዲስ አበባ ደወሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጌታ አይመልሰው። ምግቡ በግቢው ጓሮ፣ በቆርቆሮ ከለላ ሥር፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ሆነ። የክረምት እንጨት እርጥብ ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሴቶቹ ዓይናቸው ቀልቶ ይውላሉ። ምሳ ማታ ይደርሳል። እትዬ ጥሩወርቅ ከሕመማቸው እንደተነሡ ወደ ሥራ መጡና ያንን ጓሮ አዩ። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር፣ ሞኙ።

«የሚነዝር እሳት ይሻላል፣ ከማይነድ እሳት» አሉኝ። ከዚያ ለብዙ ቀን አላናገሩኝም። ምሳዬን በረዳት ነበር የሚልኩልኝ፤ ያውም የቀዘቀዘውን።

በመጨረሻ አዲሱ መጣ። በጭነት መኪና፣ በትልቅ ካርቶን፣ በእንጨት ተቸንክሮ። ልጃገረዶቹ እልል አሉ። አቶ ምሕረቱ ክራቫት አድርገው ወጡ። ካርቶኑን ስንቀድ ብረቱ እንደ መስታወት ፊታችንን አሳየን። ጎንበስ ብዬ ከጀርባው የተለጠፈውን የኃይል መግለጫ አነበብኩና እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ሦስት መስመር የሚባለውን ኃይል ነው የሚፈልገው፤ ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት የሚጠቀሙበትን። የእኛ ግቢ ያለው እንደ ማንኛውም መኖሪያ ቤት አንድ መስመር ነው። የላኩልን ሰዎች በቅን ልቡና የተሻለውን ነው የመረጡልን፤ ስለ መስመሩ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ምሕረቱ።

ነገርኳቸው። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉት። መስመሩ እንዲገባ ማመልከቻ ይገባል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ምሰሶ ይተከላል። እስከዚያስ? ሁሉም ዞሮ አሮጌውን ምድጃ አየው። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ያኔ፣ አልዋሽም፣ ካቻቢቴዬን ወርውሬ ወደ ቤቴ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የሄድኩት ግን ወደ ቤቴ አልነበረም። መንገዱን ተሻግሬ ከጋሽ ኑሩ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ምክር ፍለጋ እንኳ አልነበረም፤ ለሚገባው ሰው ለማማረር ነው። ጋሽ ኑሩ አርጅተዋል፣ ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ወፍጮው እየጮኸ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገመዱን መቁረጤንም፣ ጉልቻውንም፣ ሦስት መስመሩንም። ሰምተው ሲጨርሱ ወፍጮውን እንዲያቆሙ ለልጃቸው ምልክት ሰጡ።

«የውሰት ምድጃዬን ሸጬዋለሁ» አሉኝ በዚያ ጸጥታ ውስጥ። «የውሰት መብራት ግን አለኝ።»

ወፍጮ ቤቱ ሦስት መስመር ነበረው። ከጎኑ ያለውን የእህል መጋዘን ባዶ አደረጉልን። በምግብ ሰዓት ከሁለቱ ወፍጮ አንዱን ሊያቆሙልን ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፤ ሥጋ እዚያ እንዳይሠራ። እትዬ ጥሩወርቅ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም ጓሮ እንደሚሠሩት ተናግረው ጨረሱት። አዲሱን ምድጃ ስምንት ሆነን ተሸክመን መንገዱን አሻገርነው። ባጃጆች ቆመው አሳለፉን፤ አንዱ ሾፌር አስከሬን መስሎት ቆቡን አወለቀ።

እንዲህ ሆኖ የማደሪያው ወጥ ቤት ወፍጮ ቤት ገባ። በየቀኑ ድስቱ በእንጨት ላይ እየተንጠለጠለ በሁለት በሁለት ሰው መንገዱን ይሻገራል። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ የሚይዝ ሌላ ሰው ይጨመራል። የወፍጮው ደንበኞች ተራ ረዘመብን ብለው ያጉረመርማሉ፤ ጋሽ ኑሩ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ዱቄቱ በየድስቱ ይገባል፣ ወጡ ሳላየው ይወፍራል፣ ይሄ አዲሱ እሳቱ ይቸኩላል፣ ሽሮ ከሥር ያሳርራል ይላሉ። ልጃገረዶቹ ግን ምሳቸውን በሰዓቱ ይበሉ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ኑሩ በመጋዘኑ በር ቆመው፣ ድስቱ እስኪንተከተክ ጠብቀው፣ ከሽሮው በእንጀራ ጠቅልለው ሲቀምሱ አየኋቸው።  

መስመሩ ወደ ግቢያችን ሲገባ ጋሽ ኑሩ በሕይወት አልነበሩም። ምድጃውን መልሰን አሻገርነው። ልጆቻቸው ናቸው አብረው የተሸከሙት።

አሮጌውስ? አሮጌው የቤቱ ንብረት ስለሆነ አይጣልም፣ አይሸጥም፣ ኮሚቴ ይየው ተብሎ ጓሮ ቆመ። ጫጩት ይፈለፈልበት ጀመር። አዲሱ አስተዳዳሪ ሲመጣ ያንን አይቶ ጠየቀ፤ ደሳለኝ ነው ያን ሁሉ ዘመን ያቆየው ብለው ነገሩት። ያ ንግግር ከዚያ የመጣ ነው።

በሽኝቴ ላይ እትዬ ጥሩወርቅም ተጠርተው ነበር። ከእኔ በፊት ነው ጡረታ የወጡት። አዲሱን ምድጃ ለጥቂት ዓመታት ሠርተውበታል፤ ግን እስከ መጨረሻው ሳንቃቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ጠቅልለው ነው። እኔ ሳንቃውን እወስዳለሁ፣ እሳቸው ይመልሱታል። በባዶ እጃቸው ነክተውት አያውቁም።

ከግብዣው በኋላ ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። በጋፋት በኩል፣ ከእርሻው ጠርዝ ላይ ነው የሚኖሩት። ግባ አሉኝና ገባሁ። ወጥ ቤታቸውን አየሁ። ግድግዳው ከጭሱ የተነሣ እንደ ከሰል ጠቁሯል። መብራት አለ፤ አምፖል ተንጠልጥሏል። እሳቱ ግን እንጨት ነው። ጥግ ላይ፣ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ፣ ያልተከፈተ ካርቶን አለ። ባሕር ዳር ያሉት ልጆቻቸው የላኩላቸው ምድጃ ነው። ከላኩት ቆይቷል።

«ለምን አይጠቀሙበትም?» አልኳቸው።

«እዚያ እንኳ እናንተ ነበራችሁ» አሉኝ። «እዚህ ብወድቅ ማን ያነሣኛል?»

 ሳንቃውን ስወስድባቸው ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ስሥቅባቸውም ነበር።

በነጋታው ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ። የቤታቸውን ሽቦ አየሁት፤ ቀጭን ነበርና ቀየርኩት። ጓሮው ውስጥ ረጅም ብረት በመዶሻ እስከ አናቱ ቀብሬ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ከብረቱ እስከ ምድጃው ገመድ ዘረጋሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ሲያልቅ አበራሁት። መጀመሪያ አንተ ንካው አሉ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ወለሉ ላይ ውኃ አፈሰስኩ፣ በእርጥቡ ላይ ቆሜ ሁለት እጄን በምድጃው ጎን ላይ አሳረፍኩ። ረዥም ጊዜ አዩኝ።

ከዚያ መጡ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ቀኝ እጃቸውን፣ ያንን የሚንቀጠቀጠውን፣ ቀስ ብለው አስጠጉት። ነኩት። መለስ አደረጉት። እንደገና ነኩት። ከዚያ መዳፋቸውን ሙሉ በሙሉ ጫኑበት፤ አላነሡም።

«ደሳለኝ» አሉኝ ዓይናቸውን ከምድጃው ሳይነቅሉ፣ «ምድጃ ማለት ድሮም እንዲህ ነበር?»

ካቻቢቴዬን ከወለሉ አነሣሁና ወደ ቦርሳዬ ከተትኩት።